የቁራሌው ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ ስለ አሮጌ የጨረራ ምንጮች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለመንገድ ሥራ ተቋራጮች፣ ለሲሚንቶና ለቢራ ፋብሪካዎች፣ ቁርጥራጭ ብረት ለምትሰበስቡና ለምታቀልጡ ሁሉ፣ እንዲሁም ጨረራን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት

ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል፦ «ቆሻሻውስ የት ይቀበራል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና የማመንጫው ቆሻሻ ገና ወረቀት ላይ ነው። ከእሱ በፊት መልስ የሚሻ ሌላ ቆሻሻ አለ፤ እሱም ለካንሰር ሕክምና፣ ለመንገድ አፈር ጥግግት መለኪያ፣ ለብየዳ ፍተሻ፣ ለጎተራ ደረጃ መለኪያ ወደ አገር የገባውና ሥራውን ሲጨርስ ከመጋዘን ጥግ የሚቀመጠው የታሸገ የጨረራ ምንጭ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በጨረራ መከላከያና በራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አያያዝ ሙያ ያለን መሐንዲሶች ነን። የምንጠይቃችሁም እያንዳንዳችሁ መጋዘናችሁን ከፍታችሁ እንድትቆጥሩ፣ የተቆጠረውም ወደ አመጣው አምራች ወይም ወደ ማዕከላዊ ማከማቻ እንዲሄድ ነው።

የታሸገ ምንጭ ማለት በዝገት የማይበገር ብረት ድርብ ሆኖ የተበየደበት፣ ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቀፎ ነው። ውስጡ ያለው ነገር ግን እንደ መጠኑ አይደለም። ለካንሰር ሕክምና አዲስ ሲገባ 200 ቴራቤኬሬል (ቤኬሬል የጨረራ ምንጭ አቅም መለኪያ ነው) የነበረ፣ ኮባልት 60 የሚባል ጨረራ ሰጪ ንጥረ ነገር እንውሰድ። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም አቅሙ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት ስለሆነ ከ21 ዓመት በኋላ አቅሙ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ወርዶ 12.5 ቴራቤኬሬል ይሆናል። ሐኪሙ «ደክሟል፣ አንድ ታካሚ ለማከም ብዙ ደቂቃ ይወስዳል» ይላል፤ ለሕክምና እውነቱን ነው። ይኸው የደከመ የተባለ ምንጭ ከከለላው ወጥቶ ቢገኝ ግን 1 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 4.4 ሲቨርት (ሲቨርት ሰውነት የተቀበለው ጨረራ መለኪያ ነው) ገደማ ይቀበላል። ሕክምና ካላገኘ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ደግሞ ይህን መጠን ለመቀበል ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ምንጩ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ «አደገኛ» ከሚለው መነሻ መጠን፣ ማለትም ለኮባልት 60 ከ0.03 ቴራቤኬሬል በታች እስኪወርድ ከገባበት ቀን ጀምሮ 67 ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ሆስፒታል በ67 ዓመት ውስጥ ስንት ሥራ አስኪያጅ፣ ስንት የመጋዘን ኃላፊ እንደሚለዋወጥ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንዲህ ዓይነት ምንጭ ሰው የሚገድለው እንዴት እንደሆነ ሦስት አገሮች አሳይተውናል። በብራዚሏ ጎያኒያ አንድ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር የሲዚየም 137 ማሽኑን አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ነቅለው ወሰዱት፤ ቀፎው ሲቀደድ 93 ግራም የሲዚየም ክሎራይድ ዱቄት ወጣ። ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱም አንዷ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች። ከ112,000 በላይ ሰው ተመረመረ፣ በ249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ፤ ጽዳቱ 3,500 ሜትር ኩብ ቆሻሻ አስከተለ። በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ለ6 ዓመት የተቀመጠ የኮባልት ማሽን በ1983 መጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ውስጡ ወደ 6,000 የሚጠጉ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የኮባልት ፍሬዎች ነበሩ፤ ከብረቱ ጋር ቀልጠው ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በር ሲያልፍ የጨረራ መለኪያው ስለጮኸ ብቻ ነው። በታይላንዷ ሳሙት ፕራካን እ.ኤ.አ. በ2000 ጥበቃ በሌለው የመኪና ማቆሚያ ተቀምጦ የነበረ የኮባልት ማሽን ተወስዶ ተፈታ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

በሦስቱም ቦታ መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ አደጋ አላደረሰም። አደጋው የመጣው ሥራ አቁሞ ባለቤት ባጣበት ጊዜ ነው። የወሰዱትም ሰዎች የፈለጉት ብረቱንና እርሳሱን እንጂ ጨረራውን አልነበረም።

ይህን ወደ አዲስ አበባ አምጥታችሁ አስቡት። ቁራሌው ከሰፈር የሰበሰበው ብረት ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚጠቅመው ተለይቶ ቀሪው በጭነት መኪና ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። የምንጭ መያዣ ለዚህ ገበያ እጅግ ይስባል፦ ከባድ ነው፣ እርሳስ አለው፣ አንዳንዱም እንደ ብረት የሚታይ ነገር ግን ከእርሳስ በብዙ የሚከብድ፣ የተዳከመ ዩራኒየም የሚባል ጥቁር ብረት አለው። ማቅለጫ ከገባ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የት መፈለግ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ኮባልት ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ፌሮው ራሱ ጨረራ ይሰጣል። ሲዚየም በምድጃው ሙቀት ይተንና ከጭሱ ጋር ወጥቶ አቧራ ማጣሪያው ከረጢት ውስጥ ይከማቻል፤ ፌሮው ንጹህ ሆኖ አቧራው ይበከላል። በስፔን የአሴሪኖክስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የደረሰው ይህ ነው። ሌሎቹ ጨረራ ሰጪ ንጥረ ነገሮች፣ አሜሪሲየምና ራዲየም፣ ደግሞ ከብረቱ ተለይተው ከላይ የሚንሳፈፈው የምድጃ ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ያለቀውን ፌሮ ብቻ የሚለካ ፋብሪካ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። ለእያንዳንዱ ምንጭ የንጥረ ነገሩ ስም፣ መጠኑና መጠኑ የተለካበት ቀን፣ የምንጩ መለያ ቁጥር፣ የመያዣው መለያ ቁጥር (ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ምንጭ ሲቀየር መያዣው ያው ሊሆን ይችላል)፣ አምራቹ፣ የቀፎው የምስክር ወረቀት እና የግዢ ውሉ ቅጂ ይመዝገብ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የአሮጌ መለያዎች መለኪያ ኪዩሪ መሆኑ ነው፤ 1 ኪዩሪ 37 ጊጋቤኬሬል ነው፣ ሚሊኪዩሪን ማይክሮኪዩሪ ብሎ ያነበበ ሰው 1,000 እጥፍ ይሳሳታል። ሁለተኛው የእኛው አገር ጉዳይ ነው፦ የዘመን አቆጣጠር። በመዝገብ «1995» ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተነበበ ምንጩ 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቶ ይታያል። ለኮባልት ይህ ማለት ትክክለኛው አቅም ከተሰላው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከቀኑ ጎን ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍ፤ ያልተጻፈበት ካለ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

መጋዘኑ የሚከፈተው መለኪያ ይዞ ነው፤ መለኪያው ግን ሊያታልል ይችላል። ባትሪው ይፈተሽ፣ በትንሽ የመፈተሻ ምንጭ መሥራቱ ይረጋገጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የተስተካከለ መሆኑ ይታይ። መለኪያው ከበሩ ውጭ ይከፈታል እንጂ ውስጥ ከተገባ በኋላ አይደለም። አንዳንድ የጋይገር መለኪያዎች በጣም ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ ሲገቡ ይታፈኑና ዜሮ ያነባሉ፤ ከሩቅ እየጨመረ መጥቶ ድንገት የወደቀ ንባብ የአደጋ ምልክት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። በተቃራኒው ወፍራም ግድግዳ ያለው መለኪያ የአሜሪሲየም 241ን ደካማ ጋማ አጥርቶ አያይም፣ ኒውትሮንንም አያይም። «ምንም የለም» ማለት የሚቻለው ምን እንደሚፈለግ ከታወቀ በኋላ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ምንም ምንጭ የሌለበት ቦታ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ማይክሮሲቨርት ያነባል።

ሥራ ያቆመ የኮባልት ማሽን ያላችሁ ሆስፒታሎች፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ምንጩ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ከለላ ውስጥ፣ መመለሱን አረጋግጡ። ማሽኑ ላይ ያለው ጠቋሚ ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት፤ በመለኪያም ይረጋገጥ። ምንጩ ቤቱ ያለ ጤናማ ማሽን ከምንጩ 1 ሜትር ርቀት ላይ በአማካይ በሰዓት ከ20 ማይክሮሲቨርት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ምንጩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል ወይም ከለላው ተጎድቷል፤ ክፍሉን ቆልፋችሁ ተቆጣጣሪውን ጥሩ። ምንጩን የሚያንቀሳቅሰው መሣቢያ በሜካኒካዊ መቆለፊያ ይታሰር፣ ኤሌክትሪኩና የአየር ግፊቱ ይቋረጥ። ማሽኑን ከክፍሉ አውጥቶ ለአዲሱ ማሽን ቦታ መልቀቅ ፈታኝ ሐሳብ ነው፣ አዲሱ ሊኒያር አክስለሬተር (ያለ ጨረራ ምንጭ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የካንሰር ማከሚያ ማሽን) ሲመጣ ደግሞ ጥድፊያው ይብሳል። ኮባልቱ ከወፍራሙ የኮንክሪት ክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በሸራ የተሸፈነበት ቀን ግን ከጎያኒያ የሚለየው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ምንጩን ማውጣት በአምራቹ የሠለጠነ ቡድን ሥራ ነው፤ የሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የእሱ ሥራ አይደለም።

ቀፎው እንዳላፈሰሰ የሚታወቀው በጠረጋ ምርመራ ነው። ኃይለኛ ምንጭ ራሱ አይነካም፤ የሚጠረገው ብክለት ቢወጣ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ፣ ማለትም የማሽኑ አፍ፣ የመዝጊያው ጠርዝና የዘንጉ ቀዳዳ ነው። እርጥብ ወረቀት በረጅም መቆንጠጫ ተይዞ ይጠረጋል፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል፣ ከምንጩ ርቆ ይለካል። ከ200 ቤኬሬል በላይ ከተገኘ ምንጩ እንደሚያፈስ ይቆጠራል፣ መያዣው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሸጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምርመራው ሳይሆን መለኪያው ነው፦ ወረቀቱ እዚያው ምንጩ አጠገብ ከተለካ የሚነበበው የምንጩ ጨረራ እንጂ የወረቀቱ ብክለት አይደለም።

አሁን ወደ መንገድ ሥራ እንምጣ፤ ምክንያቱም በቁጥር ከሁሉ የሚበዛውና ከቦታ ቦታ የሚዞረው የአፈር ጥግግት መለኪያው ነው። የተለመደው ዓይነት ሁለት ምንጭ ይዟል፦ በዘንጉ ጫፍ 0.3 ጊጋቤኬሬል ሲዚየም 137፣ በሆዱ ደግሞ 1.48 ጊጋቤኬሬል አሜሪሲየም 241 ከቤሪሊየም ጋር፣ ኒውትሮን የሚሰጠው። ሲዚየሙ ከዘንጉ ወጥቶ ከተገኘ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት በሰዓት 2.7 ሚሊሲቨርት ይሰጣል፤ አንድ ተራ ሰው በዓመት እንዲቀበል የተፈቀደው 1 ሚሊሲቨርት በ22 ደቂቃ ያልቃል። በጣት ለተያዘማ ንባቡ መቶ እጥፍ ነው። የአሜሪሲየሙ ግማሽ ዕድሜ 432 ዓመት ስለሆነ ደግሞ መሣሪያው ፕሮጀክቱንም፣ ድርጅቱንም፣ የልጅ ልጆቻችንንም ይሻገራል።

ሳይት ላይ የሚደርሰው አደጋ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ኦፕሬተሩ መሣሪያውን አስፋልቱ ላይ ትቶ ዞር ሲል ሮለር ወይም ግሬደር ይሄድበታል። ያን ጊዜ የሚደረገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። የረገጠው ማሽን እዚያው ይቁም፤ ጎማው ወይም ጎማውን የሚመስለው ብረት ምንጩን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ከመለካቱ በፊት አንድ ሜትርም አይንቀሳቀስ። ሰው ከ5 ሜትር በላይ ይራቅ፣ አካባቢው በገመድ ይታጠር። ስብርባሪውን ማንም በእጁ አይልቀም። ዘንጉ ታጥፎ ከመሬት ተተክሎ ከሆነ ለማቃናት አይሞከር፤ ምንጩ ያለው ጫፉ ላይ ነውና። የጨረራ መከላከያ ኃላፊው መለኪያ ይዞ ከሩቅ እየቀረበ የምንጮቹን ቦታ ይለያል፣ የረገጠውን ማሽን ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ነው ረጅም መቆንጠጫና የራሱ ማጓጓዣ ሳጥን የሚመጣው። ሌሊት ላይ ደግሞ መሣሪያው በፒካፕ መጫኛ ላይ ወይም ሠራተኞች በሚተኙበት ድንኳን አይደር። ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ሰው ከሚያድርበት በቂ ርቀት፣ የወጣበትና የገባበት ሰዓት የሚፈረምበት መዝገብ ይኑር። ፕሮጀክት ሲዘጋ የማሽን ርክክቡ ሰነድ ውስጥ መሣሪያው «የላቦራቶሪ ዕቃ 1» ተብሎ ሳይሆን ከነምንጮቹ ቁጥር ይጻፍ።

ብየዳ በኢሪዲየም 192 የምትፈትሹ፣ ግማሽ ዕድሜው 74 ቀን ስለሆነ አሮጌው ምንጭ አዲሱ ሲመጣ በዚያው መያዣ ወደ አምራቹ ይመለሳል፤ ይህ ሰንሰለት እንዳይቋረጥ። የዚህ ሥራ ዋና አደጋ ምንጩ ከገመዱ ተላቆ ቱቦው ውስጥ ወይም መሬት ላይ መቅረቱ ነው። በፔሩ ያናንጎ እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ባለሙያ መሬት ያገኘውን ትንሽ ብረት ኪሱ ከተተ፤ እግሩን አጣ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ የጨረራ ፎቶ በኋላ ቱቦውም ካሜራውም (የምንጩ መያዣ) በመለኪያ ይታይ። መቁጠሪያው ወይም የገመዱ ርዝመት «ገብቷል» ማለቱ አይበቃም።

የኒውክሌር ሕክምና ክፍሎች ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው፤ በ80 ቀን ከ1,000 አንድ እጁ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጓንት፣ ሲሪንጅና አንሶላ በንጥረ ነገር ተለይቶ፣ የታሸገበት ቀን ተጽፎበት ይቆይ፣ ከዚያ ተለክቶ እንደ ማንኛውም የሕክምና ቆሻሻ ይወገድ። የሚበላሸው ሲደባለቅ ነው፤ ሉተሺየም 177 ለምሳሌ ራሱ በ7 ቀን ገደማ ቢያጋምስም በአንዳንዱ አመራረት አብሮት የሚመጣው ሉተሺየም 177ኤም 160 ቀን ይወስዳል፣ የአዮዲኑን ከረጢት ሁሉ ያዘገያል። ሲወገድ ባለሦስት ቅጠሉ የጨረራ ምልክት መቀደዱን አትርሱ። ምልክቱ ንጹህ ቆሻሻ ላይ በየጊዜው የሚታይ ከሆነ እውነተኛው ሲመጣ የሚያምነው አይኖርም።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ምንጩ የት ይሂድ የሚለው ነው። ምርጡ መንገድ ወደ አምራቹ መመለስ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ካለፈ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። ምሳሌው የጥግግት መለኪያው ነው። የአሜሪሲየሙ ቀፎ «ልዩ ቅርጽ» የሚባል የጥንካሬ የምስክር ወረቀት ካለው በዓለም አቀፉ የማጓጓዣ ደንብ በቀላሉ ሳጥን፣ በዓይነት ኤ፣ እስከ 10 ቴራቤኬሬል መጫን ይቻላል። የምስክር ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ግን ጣሪያው ወደ 1 ጊጋቤኬሬል (የቴራቤኬሬል አንድ ሺህኛ) ይወርዳል፤ የእኛው ምንጭ 1.48 ነውና ትናንት በነበረበት ሳጥን ዛሬ መሄድ አይችልም። ያን ጊዜ ሌላ የተመሰከረለት ቀፎ ውስጥ መክተት ወይም ውድ የሆነውን ዓይነት ቢ መያዣ መከራየት ግድ ይሆናል። ለሕክምና ኮባልት ዓይነት ቢ መጀመሪያውኑ ግዴታ ነው። በዚህ ላይ ወደብ የሌለን አገር ነን፤ በጅቡቲ በኩል የሚሄድ ጭነት የሌላ አገር ፈቃድና ለመጫን ፈቃደኛ የሆነ መርከብ ይፈልጋል፣ ራዲዮአክቲቭ ጭነት አንቀበልም የሚሉ መርከቦችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የመመለሻ ውሉ መፈረም ያለበት ሲገዛ ነው፣ ገንዘቡም ያኔ ተይዞ መቀመጥ አለበት። መሣሪያው ሲያረጅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ «ለማይሠራ ዕቃ?» ተብሎ እንደሚመለስ እናውቃለን።

የማይመለሰው፣ አምራቹ የከሰረው፣ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቀው ወደ ማዕከላዊ ማከማቻ ይሂድ። እዚያ የሚሠራው ሥራ ማዘጋጀት ይባላል፦ ምንጩ ከመሣሪያው ይወጣል፣ በዝገት በማይበገር ብረት ቀፎ ውስጥ ይበየዳል፣ ብየዳው ያፈስ እንደሆነ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ በቫኪዩም አረፋ ይታይበታል፣ ከዚያ እርሳስ መያዣ ውስጥ፣ መያዣውም በኮንክሪት በተሸፈነ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። አሮጌ የራዲየም መርፌ ካለ ይቅደም። ራዲየም ጨረራ እየሰጠ ሲለወጥ ሬዶን ጋዝና ሂሊየም ስለሚያመነጭ ግፊቱ ከውስጥ ሆኖ አሮጌውን ቀፎ ይሰነጥቃል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ረጅም ዕድሜ ባለው ምንጭ ላይ በቀጥታ ኮንክሪት አታፍስሱበት። ነገሩ የተቋጨ ይመስላል፣ ፎቶም ያምራል። ነገር ግን አሜሪሲየም በመቶዎች፣ ራዲየም በሺዎች ዓመት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ከመሬት በላይ ያለ ማከማቻ የመጨረሻ ቤታቸው ሊሆን አይችልም። አንድ ቀን ወደ ጥልቅ ማስወገጃ ሲሄዱ ያ በርሜል ተሰብሮ ምንጩ በአደገኛ ሁኔታ መፈልፈል ይኖርበታል። በጋናና በማሌዥያ ለሙከራ የተያዘው አሠራር ለእኛ መጠን የሚመች ነው፤ 26 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በአሥሮች ሜትር የሚጠልቅ የጉድጓድ ቁፋሮ፣ ውስጡ ድርብ የብረት መያዣዎች በሲሚንቶ መካከል። ለውኃ ጉድጓድ የምንጠቀምበትን መቆፈሪያ የሚመስል መሣሪያ ይበቃዋል፤ የሚከብደው የከርሰ ምድር ውኃውንና የዓለቱን ጥናት ማሟላት ነው። ኮባልትና ኢሪዲየም ግን እዚያ መግባት አያስፈልጋቸውም፣ በጥበቃ ሥር እንዲያረጁ ማድረግ ይበቃል።

ብረት ለምትሰበስቡና ለምታቀልጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፦ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ እርሳስ የሞላበት፣ ቢጫ ላይ ባለሦስት ቅጠል ምልክት ያለበት፣ ወይም ቀይ ሦስት ማዕዘን ላይ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው የተሳለበት ነገር ካያችሁ አትቁረጡት፣ አትምቱት፣ ወደ ቤት አታስገቡት። ሰዎችን 30 ሜትር አርቁና ለፖሊስ ንገሩ። ያገኘውን ሰው የሚቀጣ አሠራር እንዳይኖር መንግሥትን እኛም እንጠይቃለን፤ ቅጣት የፈራ ሰው ይጥለዋል፣ የተጣለውን ሌላ ያነሳዋል። በር ላይ መለኪያ የተከላችሁ ማቅለጫዎች ደግሞ ሲጮህ መኪናውን አትመልሱት። የተመለሰ መኪና ወደ ሌላ፣ መለኪያ ወደሌለው ፋብሪካ ይሄዳል። ቦታ ለይታችሁ አቁሙት፣ በእጅ መለኪያ ፈትሹት፣ በ1 ሜትር ርቀት በሰዓት 100 ማይክሮሲቨርት ከደረሰ ማንም አይጠጋ፣ ወደ ተቆጣጣሪው ደውሉ። አንዳንዴ የጮኸው በጭነቱ ሳይሆን ሰሞኑን የኒውክሌር ሕክምና በወሰደ ሾፌር ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩን አስወርዳችሁ ድጋሚ ለኩ፣ እሱንም በአክብሮት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ በከንቱ ጮኸ ተብሎ መለኪያው የሚጠፋበት ፋብሪካ መለኪያ እንደሌለው ቁጠሩት።

ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የጨረራና ኒውክሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 (ዓ.ም.) ሥልጣኑን ሰጥቷችኋል። አዲስ ምንጭ ለማስገባት ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የተፈረመ የመመለሻ ውልና ለመመለሻው በባንክ የተያዘ ገንዘብ ይዞ ይምጣ። ፈቃዱን ያላደሰ ባለፈቃድ ሥራ ያቆመ ተብሎ ከዝርዝር አይሰረዝ፤ ይልቁንም በመጀመሪያ የሚጎበኘው እሱ ይሁን፣ ሥራ ያቆመው ነውና አደጋው። ኪሣራ የሚያጣራ ፍርድ ቤትና ንብረት በጨረታ የሚሸጥ ባንክ በሐራጁ ዝርዝር ላይ የጨረራ መሣሪያ ካለ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ይደረግ። የሐኪም ቤት ሕንፃ ወይም የፋብሪካ ግቢ ሲሸጥም እንዲሁ። ጥሪ የሚቀበል፣ ሌሊትም የሚያነሳ አንድ አጭር ስልክ ቁጥር ይኑር፤ በምናለሽ ተራ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ።

ስለ ማመንጫውም ጥቂት እንበል። አንድ 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ የኒውክሌር ማብለያ (ሪአክተር) በዓመት 20 ቶን ገደማ ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። ማብለያው በጠፋ ቅጽበት ነዳጁ የሙሉ ኃይሉን 6 ወይም 7 በመቶ ሙቀት ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ ከአንድ ቀን በኋላም ግማሽ በመቶ ያህል ይቀራል፤ ለዚህ ነው ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ ካልቀዘቀዘ ወደ ደረቅ መያዣ የማይገባው። ሻጩ አገር ነዳጁን ይወስደዋል የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። ከወሰደና ካጣራ በኋላ መስታወት ውስጥ የታሸገው ከፍተኛ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል ወይስ ወደ እኛ ይመለሳል? ይህ በውሉ በግልጽ ይጻፍ፣ ለሕዝብም ይነገር። የማብለያውን ውኃ ለማጥራት አገልግሎ በየዓመቱ የሚወጣው ሙጫና ማጣሪያ ግን በማንኛውም ውል አገር ውስጥ የሚቀር ነው፤ ሙጫው ያለ ልክ ከሲሚንቶ ጋር ከተለወሰ ውኃ ስቦ አብጦ በርሜሉን ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ አለዋወሱን የሚያውቅ እጅ ቀድሞ መሠልጠን አለበት። ፊንላንድ ለጥልቅ መቃብሯ መርሐ ግብር ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፣ ፓርላማዋ ኦልኪሉኦቶ የተባለውን የመቃብር ቦታ ያጸደቀው በ2001፣ ቁፋሮው የተጀመረው በ2004። እኛም የሚሠለጥኑ ልጆቻችንን ዛሬ የት እንደምናሠራቸው ካሰብን ቦታው ይኸው ነው፦ በአሮጌ የጥግግት መለኪያ ላይ ጠረጋ የሚሠሩበት፣ ቀፎ የሚበይዱበት፣ በርሜል የሚመዘግቡበት ማዕከላዊ ማከማቻ።

ቆጠራውን ለመጀመር ከእናንተ የሚጠበቀው የአንድ ቀን ሥራ ነው፦ የመጋዘን ቁልፍ፣ የሚሠራ መለኪያ፣ የድሮ የግዢ ፋይልና የሚፈርም ሰው። በመዝገብ ኖሮ በመደርደሪያ የጠፋ አንድ ምንጭ ብታገኙ ያንኑ ቀን ለተቆጣጣሪው አሳውቁ፤ ነገ ሳይሆን።

ከሠላምታ ጋር
በጨረራ መከላከያና በራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አያያዝ ሙያ ላይ ያለን መሐንዲሶች